የሰንበት እሳት በሽማግሌ እጅ

በዚያ ሰንበት ጧት በግብጽ ከተማችን በፉስጣጥ ዝናብ ዘንቦ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እኔ ቱርፋ ከመስዑድ በር በሩጫ ስመለስ፣ ከምኩራብ ከሚመጡት ከአያቴ ከፔራሕያ ጋር ተላተምኩ።

«ቀስ በይ አንቺ! በሰንበት ማን ያሳድድሻል?»

«ብርዱ ነዋ፣ አባባ! ጋሊያ ወልዳ እየተንቀጠቀጠች ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል። አዋላጇ ‹እሳት አምጡ፣ አለዚያ ትሞታለች› ትላለች። መስዑድ ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል።»

መስዑድ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። እኛ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማንነካ፣ የጨነቀው ሁሉ የእሱን በር ይደበድባል።

«እንግዲያው ገበያ ወርደሽ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉ።

«እስክመለስስ?»

«እግዚአብሔር ይጠብቃታል።»

«እሱማ ሥራውን ያውቃል። እኛ ነን የጠፋብን!»

በትራቸውን አነሱ፤ ግን አልመቱኝም። እናታችን ከሞተች ወዲህ እህቴን ጋሊያን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

ቤት ስንገባ ጋሊያ ግድግዳውን ተጠግታ ተኝታለች። ማንደጃው ከሰል ተሞልቶ ቀዝቅዟል። ዓርብ ማታ የተለኮሰው የሰንበት መብራት ግን ገና ይነዳል። እጄን ስዘረጋ አያቴ አንጓዬን ያዙኝ።

«እንዳትነኪው!»

«እሺ፣ እርስዎ ይለኩሱት።»

«እኔ? በዚህ ሽበቴ ሰንበት ልሽር?»

«መምህርቴ የነገረችንን ልንገርዎት። የከተማችን ሊቅ፣ ያ ፈላስፋ ሐኪም፣ ለታመመ ሰው በሰንበት የሚደረገውን ታላላቆቹ ራሳቸው እንዲያደርጉት አስተምሯል። ለልጅና ለባዕድ እንዳይተውት።»

«የቤተ መንግሥቱ ሐኪም? ፍልስፍና በዝቶበት ሕጉ ቀሎበት ይሆናል።»

«ለሃይማኖቱ ብሎ በልጅነቱ ከሩቅ አገሩ ከኮርዶባ የተሰደደ ሰው ሕግ ይቀልበታል? ወንድሙን ባሕር በልቶበት በሐዘን አልጋ ላይ የወደቀ ሰው፣ የሞት ነገር ይጠፋዋል?»

አያቴ ጢማቸውን ያዙ። «ይሁን። ግን ለምን ታላላቆቹ?»

«እኔ ብለኩሰው፣ ሰዉ ‹ኃጢአት ስለሆነ ነው ለልጅ የተሰጠው› ይላል። ነገ ልጅም መስዑድም ሲጠፋ፣ በሽተኛው መብራት ሥር በብርድ ይሞታል። እርስዎ ቢለኩሱት ግን ሕይወት ማዳን ራሱ ሕግ መሆኑን ሁሉም ያያል። ሕጉ የተሰጠን እንድንኖርበት አይደል? ወይስ ምሕረት የመስዑድ ሥራ ብቻ ነው?»

«አባባ...» አለች ጋሊያ። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሌላ ቃል አልወጣትም።

አያቴ በትራቸውን ጣሉት። ጭድ አንስተው ከሰንበቱ መብራት ለኮሱ። ከሰሉ ዘንድ ሳይደርስ ጠፋባቸው። ደግመው ለኮሱ። ከሰሉ ሲያያዝ ዓይናቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠረጉ።

«በሩን ገርበብ አድርጊው» አሉኝ።

«ብርድ ይገባል እኮ!»

«ትንሽ ብቻ። ጎረቤት ይየኝ።»

እውነትም አዩአቸው። አንዳንዱ አንገቱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ሊጠይቃቸው ገባ፤ እሳቸውም እኔ የነገርኳቸውን የራሳቸው አስመስለው አስረዱ! እኔም አላጋለጥኳቸውም፤ እህቴ ከንፈሯ መልሶ ቀልቶ ልጇን ታጠባ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ሰው ሲታመም ባዕድ ፍለጋ የሚሮጥ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ሰንበታችንም ከበፊቱ ይልቅ ተከበረ።

መስዑድም ሰንበት ጧት እንቅልፉን ይጠግባል።