«ምግቡ ይቆይ» አሉኝ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ገበሬና አንዲት አሮጊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ልጄ ባሕር ዳር ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታለች። አንጀቷ ታጥፎ ኦፕራሲዮን ሆነች» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይማራት! እህል ቀመሰች?»

«ኧረ እናቴ፣ ሆዷ ምን ሊቀበል! በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ እንዳለ ሰምቼ ‹ስጡልኝ› ብላቸው፣ ‹አሁን አይሆንም፣ ይቆይ› አሉኝ።»

«ምን? የታመመ ልጅ ይራብ ብለው?»

«እኔም እንደርስዎ ጮኽሁ። ተስፋ የቆረጡባት መሰለኝ። ተሸክሜያት ልወጣ ከአልጋዋ ደረስሁ።»

«በስመ አብ! ከነቱቦዋ?»

«ከነቱቦዋ! ሐኪሟ እጄን ያዘችኝ። ‹አባቷ፣ አልተውናትም፤ ግሉኮስ እየገባላት ነው። ሰውነቷ ከሕመሙ ጋር እየታገለ ስለሆነ ምግቡን ዛሬ ብንጭንባት ሊጎዳት ይችላል። ጥቂት ቀን እንታገሥ› አለችኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።»

«ወይ ጉድ! ልጅን ሳያበሉ ዝም ብሎ ማየት... ከዚያስ?»

«ትናንት ዓይኗን ገልጣ ‹አባ፣ ራበኝ› አለች።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እናቷ ሰማች?»

«አራስ ናት፤ ትደነግጣለች ብለን ኦፕራሲዮን መሆኗንም አልነገርናት። አሁን ልነግራት ነው የምሄደው።»

«ስትነግራት ግን ከ‹ራበኝ› ጀምርላት፣ ልጄ።»

እኔ ቆርሼ የያዝሁትን ዳቦ ሳልጎርስ ፍኖተ ሰላም ደረስሁ።