ሳጥን ሠሪው ሲወዳደር

መጻሕፍቴ መሬት ላይ ተከምረው የአይጥ መጫወቻ ቢሆኑብኝ መደርደሪያ ላሠራ ወደ ሰፈራችን አናጢ ሄድኩ። አናጢው አልጋም ጠረጴዛም ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ሰው አብዝቶ የሚያዘው የሬሳ ሳጥን ስለሆነ «ሳጥን ሠሪው» እንጂ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ሰሞን ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሦስተኛ ፓርቲ ስም ለምክር ቤት ይወዳደር ነበር። የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ምልክት ዛፍና ፀሐይ ነው፤ የእሱ ባልዲ። «ድምፃችንን በሳጥን ተቀብሎ እኛን በሳጥን ሊሸኘን ነው» እያለ ሰፈርተኛው ይስቅበታል። እኔም አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው።

ስለ መደርደሪያው ስንነጋገር የቆዳ ፋብሪካው የቀድሞ ዘበኛ ገቡ። እኚህ ጎረቤቴ ሰው ሳይተርቡ ውለው የማያድሩ ሽማግሌ ነበሩ። ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ቆሙ።

«አጠር ያለ ፈልጌ ነበር» አሉ።

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። «ማን ነው አባባ?»

«የልጄ ልጅ። ትልቋ።»

«ነፍስ ይማር። ቁመቷስ?»

ሽማግሌው ልጅ አደገ ስንል እንደምናደርገው እጃቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ከጉልበታቸው ጥቂት አለፈ። ወዲያው ደግሞ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። «አይ፣ ሰሞኑን አድጋ ነበር» አሉ።

አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተውና ጣውላ መምረጥ ጀመረ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ባልዲ ሲያዩ ኀዘናቸው ወደ ቁጣ ዞረ።

«አንተስ ምን አለብህ! ሰው ሲሞትም ይቀናሃል፣ ሲመርጥም ይቀናሃል።»

«እኔ የምወዳደረው ይኼ ሥራ እንዲጠፋብኝ ነው አባባ። አልጋ ብቻ እየሠራሁ ብኖር ምን እጠላለሁ? ዘንድሮ ከትልልቁ ይልቅ ትንንሹ በዝቶብኛል። ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አለ?»

«ያንን ውኃ አታጠጧት ነበር አለ። ታዲያ ምን እናጠጣት?»

«ፋብሪካው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ይለቃል፤ ከወንዙ ወደ ውኃ ጉድጓዳችን ይገባል። እኔ የምለው ይኼንኑ ነው።»

«ፋብሪካው ይዘጋ ነው የምትለው! አባቷ የሚሠራው እዚያ ነው። ልጁን በቀበረ ማግስት ሥራውንም ልትቀብርበት ነው?»

«ይዘጋ ያልኩበት ቀን የለም። ሳያጣራ አይልቀቅ የሚል ሕግ ይውጣ ነው ያልኩት። ዛፎቹም ፀሐዮቹም የፋብሪካውን ባለቤት ግብዣ እየበሉ በየት አፋቸው ይናገሩ?»

«እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ዛፍ ነኝ።»

«እኔም ዛፍ እወዳለሁ አባባ፤ ሲጋዝ ነው እንጂ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ከሁላችን ቀድመው ይስቁ ነበር። ያን ቀን ከንፈራቸው እንቅስቅስ ብሎ ቆመ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ደግሞስ መቼም አታሸንፍ! ላንተ መስጠት ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ድምፄ ይባክናል።»

እዚህ ላይ የመምህርነት አመሌ አላስቀመጠኝም። «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ መምህር። እምቢ ብልህስ መች ትተወኝ ነበር?»

«እርስዎ ዛፍ እንደሚመርጡ ዛፎቹ ያውቃሉ?»

«እንዴት አያውቁም? አገር ያወቀው ነው።»

«ታዲያ በእጃቸው ያለውን ሰው ለምን ይለምኑታል? ስለ ውኃው መጥተው ያነጋገሩዎት መቼ ነው?» ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩ ጀመር። «አናጢያችን ላያሸንፍ ይችላል። ነገር ግን የባልዲው ድምፅ ሲቆጠር ያሸነፈውም የተሸነፈውም ‹እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ሸሹን?› ማለቱ አይቀርም። የሚባክነውስ ማንም ሳይለምነው የሚሰጥ ድምፅ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው» አሉ። «እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ልጅቷ ሄደች እኮ፣ መምህር!» ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ።

መልስ የሰጠው አናጢው ነው። «ለእሷ አልደረስንላትም አባባ። መዳህ የጀመረው ወንድሟ ግን ነገም የሚጠጣው ከዚያው ጉድጓድ ነው።»

መላጊያው ጣውላው ላይ ብዙ ተመላለሰ። በመጨረሻ ሽማግሌው ፊታቸውን ጠርገው «ወረቀቱ ላይ ባልዲው ከላይ ነው ከታች?» ብለው ጠየቁ።

«ከታች ነው፤ መጨረሻ ላይ።»

«እንግዲህ ጎንበስ እላለኋ» አሉ።

በምርጫው አናጢው ተሸነፈ፤ ዛፍ አሸነፈ። ሽማግሌው ሊያጽናኑት መጥተው «በአንድ ወር ያለኝን ሁሉ ሁለት ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ከሁለተኛው እንኳ የሆነ ነገር ይመለስልኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። በእኛ ሰፈር ግን ባልዲው ዛፉን በልጦት ነበር። በመኪናው መስኮት እንኳ አይቶን የማያውቀው የዛፍ ተመራጭ ይህን ሲሰማ ጉድጓዱ ድረስ በእግሩ መጣ፤ ሽታውም አፍንጫውን አስያዘው። በቀጣዩ ዓመት ማጣሪያ የሚያስገድደው ሕግ ወጣ። ዛፎቹ የእኛ ሐሳብ ነው አሉ፤ አናጢውም ይበሉ አለ። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ የልጅቷም አባት ከሥራው አልወጣም። ውኃው መሽተቱን ትቷል፤ አናጢውም አሁን የሚሠራው ባብዛኛው አልጋ ነው።

ይህን ያነበብክ ሁሉ፣ የሚያሸንፈውን ፈልገህ ብቻ አትምረጥ፤ የሚጎድልህን የሚናገርልህንም ምረጥ። ሲቆጠር ይሰማል።

ባለፈው ሽማግሌውን መንገድ ላይ አግኝቼ «ልጁ እንዴት ነው? አደገ?» አልኳቸው። እጃቸውን ከመሬት ከፍ አደረጉ። ከጉልበታቸው ጥቂት አልፎ፣ እኅቱ በቀረችበት ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረጉትና «አልፏታል» አሉኝ።