ፊልሙ ሻይ ያስዞራቸው የስልክ ሠራተኛ

አያቴ ወይዘሮ ኤልሲ ታፕሎ በዚያ የጦርነት ዘመን ፊልም ውስጥ ለምን ሻይ ያዞራሉ? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ አስከሬናቸው ፊት ቆሜ የሕይወት ታሪካቸውን ሳነብም አብሮኝ አለ።

ወይዘሮ ኤልሲ ከወደብ ጫኝና አውራጁ ከአቶ አልበርት ክሪድላንድና ከልብስ አጣቢዋ ከወይዘሮ ሜይ፣ በምሥራቅ ለንደን፣ እዚሁ ፖፕላር ተወለዱ። እስከ አሥራ አራት ዓመታቸው ተምረው ብስኩት ፋብሪካ ገቡ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣም በእሳት አደጋ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ሆኑ። በጣቢያው ልማድ አድራሻ ሁለት ጊዜ ይነገር ነበር፤ አንዴ ብቻ ከተባለ በቦምቡ ጫጫታ መካከል መኪናው መንገድ ይስታል፣ ሰውም ይቃጠላል። ወደቡ በነደደ ጊዜ ጣሪያው ተደርምሶ አቧራ ሲያለብሳቸው እንኳ መነጋገሪያውን ከጆሯቸው አላወረዱም።

በዓመቱ ፊልም ሠሪዎች ወደ ጣቢያው መጥተው ሠራተኞቹ ራሳቸውን ሆነው እንዲታዩ አደረጉ። ሀብታምና ድሃ በአንድ ገበታ ሲበላ፣ በአንድ ቱቦ ውኃ ሲረጭ የሚታይበት ፊልም ነው። በአያቴ ወንበር ላይ ግን ንግግሯ የተሞረደ የባለጸጋ ልጅ ተቀመጠች፤ ለእርሳቸው የሻይ ትሪ ተሰጣቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን አቶ ሬጅ ታፕሎን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ፊልሙ በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር አጎቴ ሌን፣ “ዝም በሉ፣ የእማዬ ተራ ደረሰ። እዩአት፣ እያንጎራጎረች እኮ ነው” ይሉ ነበር፤ አያቴ ግን ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። እኔ ፊልሙ የሚያሳየውን ያን ሁሉ አንድነት አላመንኩትም፤ የእርሳቸውንም ዝምታ ጠረጠርኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ፊልሙ ሳጠና ጥርጣሬዬ ባሰብኝና አንድ ቀን ለምን ሻይ እንዳዞሩ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

“ድምፄ ለእሳቱ በቅቶ ነበር፤ ለሲኒማው ነው ያልበቃው። በይ አሁን የአጎትሽን ደስታ አታበላሺበት” አሉኝ።

ሳንባቸውን ታመው በተኙባቸው ሳምንታት ግን፣ “ቴንተር መንገድ፣ ሰሜን በር። ቴንተር መንገድ፣ ሰሜን በር” ይሉ ነበር። ቤት ገብቼ የፊልሙን ካሴት እያቆምኩ አየሁት። ልጅቱ ይህንኑ አድራሻ በጠራ ድምፅ አንዴ ብቻ ትናገራለች፤ ከኋላዋ ትሪ የያዙት አያቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አያንጎራጉሩም። እየደገሙላት ነው።

ወይዘሮ ኤልሲ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችም ትተው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እሳት በማይደርስበት ሥፍራ ያሳርፍልን።

ከቀብር በኋላ አጎቴ ሌን ፊልሙን በአዳራሹ ሊያሳዩን አዘጋጅተዋል። ፊልሙ ይቅር ብዬ ልለምናቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ይታይ። ልጅቱ አድራሻውን ተናግራ ስታበቃ፣ ድምፄ ትንሽ ቢሆንም፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እኔ እደግመዋለሁ።