ሌላ ደሴት ላይ ያለ ግድግዳ

አንሶላውን በዚያ በኩል ያዢልኝ እታለም… አዎ፣ ጠምዝዢው። ዛሬ ንፋሱ ጥሩ ነው። ከባሕር ሲመጣ ጨው ያመጣል እንጂ ለማድረቁስ ማን ብሎት። አንቺ የእንግዶቹን አንሶላ፣ እኔ የልጄን ጨርቅ፤ ገመዱ ለሁለታችንም ይበቃል። ይሄን ግቢ የምወደው ለዚህ ነው። ማንም ማንንም አይገፋም… እዚህ ታች ማለቴ ነው።

ቆይ ልጁን ላስተካክለው፣ ከጀርባዬ ተንሸራተተ። ተኝቷል? ፊቱን እይልኝ እስኪ። ከንፈሩ ደህና ነው? ሰማያዊ አልሆነም?… ተመስገን። አንቺም ሰለቸሽ አይደል፣ በየደቂቃው እይልኝ፣ እይልኝ። ምን ላድርግ፣ ሲተነፍስ ካልሰማሁ እጄ ሥራ አይዝልኝም።

ያ የፎቁ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? መጋረጃው የተነቃነቀ መሰለኝ። ንፋስ ነው? ይሁን፣ ንፋስ ይሁን። እኛ ምን ክፉ ነገር አወራን? ስለ ልብስ ነው የምናወራው። ሰው ልብስ ሲያሰጣ ትንሽ ካልተጫወተ ምኑን አሰጣው?

እና ከተማችን አላማረችም ትያለሽ? እኔስ ገርሞኛል። ትናንት ወደ ወደቡ ስወርድ ያ የድሮው ጉምሩክ ቤት ሮዝ ተቀብቶ አየሁት። የዳቦ ጋጋሪው ቤትም ተሽጦ መዝጊያው ሰማያዊ ሆኗል። ዳቦ ጋጋሪው ግን የለም… ዳቦው አሁን በጀልባ ነው የሚመጣው፣ ሲደርስም ደርቆ ነው። ምን ችግር አለው? እንዲህ ያለ በር እያለ ሰው ዳቦ ምን ያደርግለታል? ፎቶውን አንስቶ ይጠግባል። ባለፈው አንዱ እንግዳ እኔንም ከነልጄ አነሳኝ እኮ! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ። የሚታደስ መስዬው ይሆናል።

አይ፣ እኔ የድሮ ቤት የሚገዛ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው። ካልተገዛ ይፈርስ የለ? የሚያድስ ሰው ይባረክ። ብቻ ሰሞኑን አንድ ወሬ ሰማሁ… ሌላ ደሴት ላይ ነው። ሩቅ ነው፣ የኛ ጀልባ እንኳን አይደርስበትም። እኛ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ሳልፈራ ልንገርሽ።

አንዲት ሴት ነበረች አሉ። የኖራ ለሳኝ ልጅ። አባቷ… እንደ ባሌ አባት ያለ ሰው ነው፣ የባሌ አባት ግን አይደለም… ዕድሜ ልኩን የዚያን ከተማ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ነው። ትልቁን ባለ ፎቅ የነጋዴ ቤት ሁለት በጋ ፈጅቶ ለስኖታል። ነጋዴውም ሥራውን ወዶለት ከቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዙትን ሁለት ክፍሎች ሰጠው። ልጅቷ ታዲያ ተማሪ ሳለች፣ አባቷ ከሥራ ሲመለስ ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ብቅ ካለ፣ በጓሮ በር ወጥታ በሌላ መንገድ ትሄድ ነበር አሉ። አሳቢ ስለነበረች ነው። ስታቅፈው ልብሱ ላይ ያለው ኖራ እንዳይረግፍበት ብላ ነው።

ከዚያ የብስ ተሻገረች። ተማረች፣ ሠራች፣ ተከበረች። እሰይ! ሰው ሲያልፍለት ማን ይጠላል? አባቷ ሲታመም ጀልባ አጣች። ሲቀበር ደግሞ ማዕበል ነበር። የነጋዴው ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ግን… ባሕሩ ጸጥ አለላት። ዕድል ነው እንግዲህ። አንዳንድ ሰው ባሕሩ ራሱ ያውቅለታል።

ትልቁን ቤት ገዛችው። ሁለቱ ክፍሎች የወንድሟ ናቸው፤ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖርባቸዋል። ሚስቲቱ እንደኔ ያለች ናት፣ ብዙ ያልተማረች፣ ነገር ቶሎ የማይገባት። ወንድሟም እንደ አባቱ ለሳኝ ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ኖራ ዘፍዝፎ ዓመት ሙሉ ያስቀመጠ፣ በየቀኑ እንደ ታማሚ ልጅ ገልጦ የሚያይ። እስኪ አስቢው፣ ሴትዮዋ ግድግዳ ልታድስ ነው፣ ከግድግዳው ማዶ ለሳኝ አለ፣ ያውም የእናቷ ልጅ። በጣቷ ብታንኳኳ ይሰማታል እኮ!

እሷ ግን ለሰው የምታስብ ናት ብዬሽ የለ? ወንድሜን አላድክም ብላ ተወችው። መሐንዲስ ከየብስ አስመጣች፣ ሲሚንቶ በጀልባ አስጫነች። ያ ምስኪን ሳይጠራ ሄደ። "እቴቴ፣ ይሄ ግድግዳ ሲሚንቶ አይችልም" አላት። "ድንጋዩ ከሥር ውሃ ይስባል። በኖራ ሲለሰን ይተነፍሳል፣ ውሃውም ቀስ ብሎ ይወጣል። በሲሚንቶ ከደፈንሽው መውጫ ያጣና በወዲያኛው በኩል ይመጣል።" አዎ፣ እቴቴ ነው የሚላት። እሱም ልክ እንደ ባሌ ታላቅ እህቱን እቴቴ ነው የሚለው። ነገር ሲገጣጠም አይገርምሽም?

እሷም "ኖራው ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለችው።

"በደንብ ከተሠራ ስድስት ወር።"

"ሲሚንቶውስ?"

"ሳምንት።"

ሳቀችለት። ደግሞ ሳቋ እንዴት ያምራል መሰለሽ! "ኮሚቴው በአራተኛው ወር ነው የሚመጣው፣ የኔ ወንድም" አለችው። የቅርስ ኮሚቴ ማለቷ ነው። እንደ ድሮው ለታደሰ ቤት በር ላይ የሚሰቀል የናስ ሰሌዳ ይሰጣሉ። ሰሌዳ ያለው ቤት እንግዳ አያጣም። እንደ ድሮው መታደሱን በሲሚንቶ ማየት… የተማረ ሰው የሚያየው ነገር ነው፣ ለኛ አይታየንም። እንዲህ እያወሩ ሁለት ጎብኚዎች ገቡ አሉ። "ይሄ ማነው?" ሲሏት "ሠራተኛ ነው" አለቻቸው። ዋሸች? የት ዋሸች! ሠራተኛ ነው፣ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የገዛ እህቱ በሰው ፊት እንዲህ የምታመሰግነው ስንቱ ነው?

ሲሚንቶው ተለጠፈ። ከላዩ የዘይት ቀለም። መስታወት ነው የሚመስለው አሉ፣ ፊቷን ታይበታለች። ታሪክ ትወዳለች ደግሞ፤ ሳሎኑን በአሮጌ ዕቃ ሞላችው። የመርከብ ገመድ፣ የተሰበረ መቅዘፊያ፣ የዓሣ ቅርጫት… ቅርጫቱ አሁን መብራት ነው፣ ዓሣው ምን ሆኖ እንደቀረ አላውቅም። አንድ ቀን የወንድሟ ሚስት አንቺን የመሰለች አጣቢ ልታግዝ አንሶላ ይዛ ስትገባ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የልስን ማንኪያ አየች። እጀታው በግራ እጅ ተይዞ የተበላ። የባሏ አባት ግራኝ ነበሩ፣ ማንኪያቸውን በምን ትሳሳታለች? ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ምስኪን፣ ፊደል እየቆጠረች ነው የምታነበው። አንድ ጊዜ አነበበችው። የተሳሳተች መስሏት ደገመችው። "ስሙ ያልታወቀ የጥንት ባለሙያ መሣሪያ" ነው የሚለው።

የጥንት! ሰውየው ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። ስማቸው ጠፍቷት ይሆናል፣ ምን ታድርግ? ብዙ ዕውቀት የገባበት ጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይጠባል። እኔ እንኳን ጭንቅላቴ ባዶ ስለሆነ የሁሉንም ሰው አባት አውቃለሁ።

ኧረ… ቆይ፣ ቆይ። እሽሽ፣ የኔ ጌታ። ሳለ እኮ። ሰማሽው? እንደ ፉጨት ያለውን ሰማሽ? ሲያስገባ አይደለም፣ ሲያስወጣ ነው… እሽሽ… አለፈለት። አለፈለት አይደል? ይሄን ጨርቅ ያዢልኝ፣ ልጁን ቀና ላድርገው።

እና ምን እያልኩሽ ነበር? ውሃው። ወንድምየው እንዳለው በወዲያኛው በኩል መጣ። በእነሱ ክፍል። ግድግዳው መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ አላበው፣ ከዚያ ሻገተ። ሚስቲቱ ጠዋት በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ማታ ያው ነው። የልጁን አልጋ ወዴት ታዙረው? ሁለቱም ክፍሎች መዳፍ ያክላሉ፣ ግድግዳቸውም ያው ነው። ክሊኒክ ወሰደችው። ነርሷ ደረቱን አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች፣ ከዚያ "ክረምት ሳይገባ ወይ ግድግዳው ይድረቅ ወይ ይሄ ልጅ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ሌላ ክረምት ደረቱ አይችልለትም" አለቻት። ይሄን የምትሰማ እናት በምን እግሯ ቤቷ እንደምትደርስ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም፣ ሰው ነው የነገረኝ። ክረምቱ ሊገባ እነሱም ዘንድ እንደኛው አምስት ሳምንት ነው የቀረው።

ወንድምየው ደግሞ ሄደ። "እቴቴ፣ ሲሚንቶውን እኔው ልፈንቅለው። በነፃ። ኖራው ተዘጋጅቷል" አላት። "ሰሌዳው ይሰቀልና እናያለን" አለችው። ሩህሩህ ናት ግን፣ እንዲሁ አልተወቻቸውም። በማግስቱ ሰው ላከችባቸው። "ክፍሎቹ ካልተመቿችሁ ልግዛቸውና ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ለእኔ ልብስ ማጠቢያ ይሆኑኛል" ብላ። ደግነት አየሽ? ቤታቸውን ካረጠበችው በኋላ ከእርጥበቱ ልታወጣቸው! እኔ ተንኮል ነው አላልኩም። ሰው እንዲህ አርቆ አያስብም… ያስባል እንዴ?

ባልየው ሚስቱን "ትመለሳለች፣ ልቧ ጥሩ ነው" ይላታል አሉ። ጥሩ ነው እንጂ! አንድ ቀን እንኳን ሳይሠራበት የተቀመጠ ነገር እንዴት ይበላሻል?

አንድ ነገር ልጨምርልሽና እናብቃ። ይህች ሴት ቤቱ ውስጥ አታድርም። ኮረብታው ላይ ካለው ሆቴል ነው የምታድረው። አስተናጋጇ ለምን ብላ ስትጠይቃት ምን አለቻት መሰለሽ? "እዚያ ሳድር ደረቴን ይይዘኛል።" ደረቷን! አየሽ፣ ግድግዳው እንደሚያሳምም ታውቃለች። እንግዳ እንደሆነ ሁለት ቀን ነው የሚሰነብተው፣ ሳሉ ሲጀምረው ጀልባ ላይ ነው። ለኮሚቴው ግን "እዚሁ ነው የምኖረው፣ ያባቶቼን አየር እየተነፈስኩ" ብላ ፈርማለች። ባለቤቱ ለማይኖርበት ቤት ሰሌዳ አይሰጡማ።

ውይ፣ የግቢው በር አልተንኳኳም?… ሦስት ናቸው፣ ወረቀት ይዘዋል። ዛሬ ነበር እንዴ ኮሚቴው? ወይ እኔ፣ ቀኑ ጠፍቶብኝ! እንደምን ዋላችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ። ደረጃው በዚህ በኩል ነው። አይ፣ ያ የኛ በር ነው። ክፍት የተውኩት አየር እንዲገባበት ብዬ ነው። እዩት፣ ምን ገዶኝ… ትልቁ ቤት ውስጥ የምታዩት ግድግዳ እኮ ራሱ ነው፣ ጀርባው ነው በእኔ በኩል ያለው። አዎ፣ ጥቁር ነው። ኧረ ጭስ አይደለም አባቴ፣ እዚያ ክፍል እሳት አላነድም። በእጅዎ ይንኩት፣ ግድ የለም። አልጋዋ የልጄ ናት፣ ትንሽ ገፋ ያድርጓት።

አየሽ እታለም፣ ሽማግሌው እጃቸውን እንዳሳረፉ ቀሩ። አሁን ደግሞ ልጄን አዩት። ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ… እኔ ከዚህ ሆኜ ማንበብ አልችልም፣ ከቅርብም ቢሆን ቀስ ብዬ ነው። ያ የላዩ መስኮት ለምን ተዘጋ? እንዲህ ባለ ቀን!

በይ ወሬዬን ልጨርስ። የሰው ስም አላነሳሁም፣ ምስክሬ አንቺ ነሽ። ያችን የሌላ ደሴት ሴት ግን ሳንመርቃት ብንለያይ ነውር ነው። ጮክ ብዬ ነው የምመርቃት፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ።

እግዜር ዕድሜ ይስጣት። ቤቷን የደስታ ቤት ያድርግላት። ከዛሬ ጀምሮ በሰው ቤት ማደር አይኑርባት። አልጋዋን ከዚያ ካሳመረችው ግድግዳ ሥር አስጠግታ፣ በሯን ዘግታ፣ መስኮቷን ዘግታ፣ ያባቶቿን አየር ደረቷ እስኪሞላ እየሳበች፣ አንዲት ቀን ሳትጎድል ትኑርበት፣ ታርጅበት። ሳል ቢነሳባትም ብቸኛ ነኝ ብላ አትፍራ። ከግድግዳው ማዶ ወንድሟ ይሰማታል። የትም አንሄድም፣ እዚያው ነን… እዚያው ናቸው ማለቴ ነው።

አሜን በይ እንጂ እታለም!