የድሮውን ሁሉ ያጫውታል

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቡ የተቀመጡት እናት ያቀፉትን ካርቶን አይቶ ወሬ ጀመረ።

«እማማ፣ ጌም ነው?»

«ለልጄ ነው። ማክሰኞ ከማረሚያ ቤት ይፈታልኛል። የድሮውን ሁሉ ያጫውታል ብለው ሸጡልኝ።»

«እውነታቸውን ነው፣ የየትኛውንም የጌም ማሽን ካሴት ይቀበላል። ካሴቶቹ አሉት?»

«አንድ ሣጥን ሙሉ ነበረው። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቤቱ ጠበበኝና ለልዋጭ ሰጠኋቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ‹ካሴቶቼ አሉ?› ይለኛል፤ ‹አሉ› እለዋለሁ። ይኸው ዛሬ ተገላገልኩ።»

«እማማ… ይሄ እኮ ባዶውን ነው። ካሴት ካልተሰካበት ምንም አያጫውትም።»

«ጨዋታዎቹ ውስጡ የሉም?»

«የሉም።»

«አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቼው፣ አሁን በምን ዓይኔ ልየው?»

ወጣቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበበና ጠየቃቸው።

«ልዋጩ ምን ሰጠዎት?»

«ይሄን እግሬ ሥር ያለውን ምሳ ዕቃ። አራት ዓመት ስንቁን የማደርስለት በዚሁ ነው።»

እኔም ወደዚያው ማረሚያ ቤት ስንቅ የማደርስበትን፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን የራሴን ምሳ ዕቃ ክዳን በሁለት እጄ ጫን አድርጌ ያዝኩት።