የረዘመው ቀሚስ

ወይዘሮ ዘነበች የማይጠረጥሩት ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ያን ዕለት ጠዋት ተራው የደረሰው ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማቸው፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋው ሰኢድ ነበር። ከፌስታል ቀሚስ አውጥተው ፊቱ ዘረጉት።

«ለፋሲካ ስትሰፋልኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ዛሬ መሬት ይጠርጋል። ምን አድርገኸው ነው?»

«እማማ፣ ቀሚሱ እርስዎ ቤት ነው የከረመው።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ።»

በዚህ መሃል የጎረቤታቸው ልጅ፣ የፋርማሲ ተማሪዋ ፍሬሕይወት፣ የተተረተረ ቦርሳዋን ልታሰፋ ይዛ፣ የቀሚሱን ክርክር እየሰማች ደረሰች። ሴትዮዋ ወገባቸውን ደግፈው ቆመዋል።

«ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?»

«ወገቤ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ወጌሻ መጥቶ ስቦ ያቃናኛል።»

«ሐኪምስ?»

«እጄ የተሰበረ ጊዜ አጥንትዎ ሳስቷል ብለው በየስድስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አዘውልኝ ነበር፤ አልተወጋሁትም።» ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «የወር አበባ ላቆሙ ሴቶች ነው አሉኝ። ለምን እኛን መረጡ? ነገር አለው። የሚያመክን እንዳይሆን።»

ሰኢድ ሳቁን ሲውጥ ክሩ ከመርፌው አመለጠው።

«በስልሳ አምስት ዓመትዎ ምንዎን ነው የሚያመክኑት?» አለች ፍሬሕይወት እየሳቀች።

«ሳቂ። እግዜር ሣራን በስንት ዓመቷ ጎበኛት?»

ፍሬሕይወት ሣራን ለቄሶች ተወችላቸው። ደግነቱ ክርክሩ ስለ አጥንት ነው።

«እሺ፣ ሌሎቹ ቀሚሶችዎስ?»

ወይዘሮ ዘነበች የቀሚሱን ጠርዝ አገላበጡ። «እነሱም ይጠርጋሉ።»

«ከእናትዎ የወረሱት ጥበብ ቀሚስስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ ሰኢድ የእናትዎን ጥበብ የት አግኝቶ አስረዘመው? ቀሚሱ አልረዘመም፤ እርስዎ ነዎት ያጠሩት። የወር አበባ ሲቆም አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ይቀንሳል። አጥንቱ ምስጥ እንደበላው ግንድ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል፤ የጀርባው አጥንት ይደቅቃል፣ ቁመት ይቀንሳል። ምስጥ የበላውን ግንድ ቢስቡት ምን ይሆናል?»

«ይሰበራል» አሉ፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «መርፌውስ?»

«ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ አጥንቱ እንዳይበላ ይይዘዋል። ግን አልዋሽዎትም፣ የሄደውን ቁመት አይመልስም። ከመወጋትዎ በፊት በደምዎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይለካል። ጥርስ የሚያስነቅሉ ከሆነ አስቀድመው ይናገራሉ። ቀጠሮ ማሳለፍ ደግሞ የለም፤ በራስዎ ከተዉት አጥንቱ ቶሎ ይሳሳል።»

«አየሽ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«መተው ካስፈለገ ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ይተካዋል። ወጌሻውስ የራሱን ጉድ እንዲህ ዘርዝሮ ነግሮዎታል?»

ወይዘሮ ዘነበች የተረቱት እዚህ ላይ ነው። በዕድሜያቸው ሙሉ ጉዱን ቀድሞ የሚናገር ነገር ገጥሟቸው አያውቅማ። ስልካቸውን አወጡ።

«ወጌሻ፣ ቅር። አይ፣ ለነገም አይደለም። ቅር።»

«ወገብዎን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፤ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች ፍሬሕይወት።

እንግዲህ መርፌዋን በቀጠሮዋ የተወጋች፣ ፀሐይ የምትሞቅና በእግሯ የምትንቀሳቀስ እናት ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ የመቅረት ዕድሏ ይቀንሳል። ሐይቁ ዳር በራሷ እግር ትሄዳለች፤ ልጆቿንም ቆማ ትቆጣለች። ይህ የመጨረሻው ለልጆቹ ጥቅም ይሁን ጉዳት እንጃ።

ወይዘሮ ዘነበች ቀሚሱን ለሰኢድ መልሰው ሰጡት።

«ጣት ያህል ቁረጠው። ከዚህ ወዲያ አላጥርም።»

ጥቂት ሄዱና ዞሩ።

«ቁራጩን ግን እንዳታስቀርብኝ።»