የአብዱላሂ ጠገራ

ወይዘሮ ሃሊሞ ወደ ቤተ መዘክሩ የገቡት ለመማር አልነበረም። ጨርቅ ሸጠው ከከዚራ ሰፈር ሲመለሱ ዝናብ አሳደዳቸው፤ ክፍት ያገኙት በር ደግሞ አንድ ባንክ የገንዘብን ነገር ለሕዝብ ሊያስተምር ያዘጋጀው ክፍል ሆነ። በመስታወቱ ውስጥ አሞሌ ጨው፣ ጠገራ ብርና ምስጥ የበላው የወረቀት ብር ተደርድሯል።

አስጎብኚዋ ሸዋገነት በቅርቡ ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። «ይቀመጡ፣ እናቴ» ብላ ወንበር አቀረበች።

«በድሬ ማን አንቱ ይባላል፣ አባዮ? አንቺ በይኝ!» ብለው እየሳቁ ተቀመጡ። ሳቃቸው ግን ዓይናቸው ጠገራው ላይ ሲያርፍ ቀረ። ባላቸው አብዱላሂ ከጅቡቲ ንግድ ሲመለስ መቀነቱ ውስጥ የሚንቃጨለው ይኸው ነበር፤ ድምፁን ሲሰሙ ሻሂ ይጥዱለት ነበር።

«ይሄ ወረቀትስ ምን ነክቶት ነው?»

«ባለቤቱ ቀብሮት ምስጥ በላው። ባንክ ቢያስቀምጠው ኖሮ...»

«ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? የኔ በጣሳ ሆኖ መሬት ውስጥ ነው። መሬት አያወራብኝም። ደግሞ ወለድ ሐራም ነው።»

«ወለድ አልፈልግም ማለት ት... ትችያለሽ» አለች፣ አንቺ ማለቱ እያሳፈራት። «ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ጣሳውን ቢወስደውስ?»

«ልጄ መሪያምም ከወንዙ ዳር ውጪ፣ እኔ ጋ ኑሪ እያለች ታለቅሳለች። እንዴት ልውጣ? አብዱላሂ ጠገራውን የቀበረው እዚያ ቤት ነው።»

«የት ላይ?»

«መች ነገረኝ! የቀበሩትን መናገር በረከት ያሳጣል ይል ነበር። መንገድ ላይ ሞተ። እኔም ወለሉን ስቆፍር ይኸው አረጀሁ።»

ሸዋገነት ጠጋ አለቻቸው። «የአንቺ ጣሳ የት እንዳለ መሪያም ታውቃለች?»

 ወይዘሮ ሃሊሞ ለልጃቸው የሚያወርሷት የመቆፈሪያ ዶማ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ታያቸው።

«ብሩን ብቻ የፈለግሁ እንዳይመስልሽ» አሉ። «እጁ ያረፈበትን ቦታ ባገኝ ብዬ ነው።»

«እሱን ባንክ አይመልስልሽም። የጣሳው ገንዘብ ግን ባንክ ከገባ ምስጥና ጎርፍ አይደርሱበትም። መሪያምም ሳትቆፍር ታገኘዋለች።»

ዝናቡ አባራ። ወይዘሮ ሃሊሞ ተነሥተው መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ባንኩ በየት በኩል ነው?»

በዚያው ሳምንት እናትና ልጅ ጣሳውን አብረው አውጥተው ገንዘቡን ባንክ አስገቡ፤ ጠገራውን መፈለግ ትተውም የወይዘሮ ሃሊሞን ዕቃ በጋሪ ጭነው ወደ መሪያም ቤት ድልድዩን ተሻገሩ። ክረምቱ ሲበረታ ደቻቱ ያንን ቤት ጠራርጎ ወሰደው። ሰው አልነበረበትም። ባንክ የተቀመጠውም ገንዘብ ለመሪያም የጨርቅ ሱቅ መክፈቻ ሆነ።

ውሃው በጎደለ ጊዜ ወይዘሮ ሃሊሞ ድልድዩ ላይ ቆመው ቤቱ የነበረበትን ደለል አዩ። ሊቆፍሩ አልወረዱም። አንድ መንገደኛ በአጠገባቸው ሲያልፍ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ተንቃጨለ፤ ዞር አሉ። ሰውየው እስኪርቅ በዓይናቸው ከተከተሉት በኋላ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሱቁ አመሩ።